ናያግራ ኡካ ገብቶ

ሰው ማረፊያ ቤት ሲገባ የየራሱ አመል አለው። አንዱ ፍራሹን በጉልበቱ ይጫናል። አንዱ ቧንቧ ከፍቶ ውሃ መኖሩን ያያል። አንዱ የዋይፋዩ ቁጥር ካልተነገረው ሻንጣውን መሬት አያስነካም። የእኔ አመል ግድግዳ ማየት ነው። ሥዕል ከተሰቀለ ጠጋ ብዬ ጥግ ጥጉን እመረምራለሁ፤ ፊርማ እፈልጋለሁ። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ፣ "ልትተኛ ነው የመጣኸው ልትገዛው?" ትለኛለች።

ፊርማ ማግኘት ብርቅ ነው። በማረፊያ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚውለው ሥዕል ባብዛኛው ታትሞና ተጠቅልሎ በኮንቴይነር የመጣ ነው። ዘሩም አይበዛም። በረዶ የለበሰ ተራራ ከነእንጨት ጎጆው አለ። ውሃ እየረገጡ የሚጋልቡ ሰባት ነጫጭ ፈረሶች አሉ፤ ለምን ሰባት እንደሆኑ ጠይቄ "ገበያ ይጠራሉ" ተብያለሁ። የለንደን ቀይ አውቶቡስ አለ፤ ከእሱ በቀር የቀረው ከተማ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ኤፍል ማማ አለ። እሱ ብቻውን ስንት የኢትዮጵያ አልጋ ክፍል እንደሚጠብቅ የፓሪስ ሰዎች ቢያውቁ ኪራይ ይጠይቁን ነበር።

ኡካ አካባቢ ባለ አንድ የገጠር ሎጅ ያገኘሁት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይብሳል። የሎጁን ስም አልጠራም፤ ባለሎጁ ሸጋ ሰው ናቸው፣ ማራቸውም እስካሁን ከምላሴ አልወረደም።

አገሩ ኢሉባቦር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ የሚደርስ ሰው የመጨረሻዎቹን ሰዓታት አረንጓዴ ውስጥ ተውጦ ነው የሚያሳልፋቸው። ያዩ ላይ 167,021 ሄክታር የሚሸፍነው የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እዚያ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያራገበ ከቀረሮ ወደ ዋንዛ ይዘላል። የሶር ወንዝ ደግሞ መቱ አቅራቢያ 100 ሜትር ያህል ወደ ገደል ይወረወራል።

እንግዲህ በዚህ አገር፣ በሎጁ ምግብ አዳራሽ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የግድግዳውን ግማሽ ይዞ የተንጣለለው ፏፏቴ ናያግራ ነው። ሰማያዊ የዝናብ ልብስ የለበሱ ቱሪስቶችን ያጨቀችው ጀልባ እንኳ አልቀረችም።

"ሶርን ለምን አልሰቀሉትም?" አልኳቸው።

"ሶርን እዚህ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።"

"ናያግራንስ?"

"እሱን ማንም አላየው። ታዲያ ጋሼ፣ መሰቀል ያለበት የቱ ነው?"

መልስ አጣሁ። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ብዬ ልተርት አሰብኩና ተውኩት፤ ምክንያቱም ሰውየው ወርቁን አልናቁትም። የቤት ሳህን ለቤተሰብ ይሁን ብለው ለእንግዳ የተቀመጠውን አወጡ እንጂ። እናቶቻችን ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ደግሞ አገሩ ባሕር ማዶ ያለውን ማድነቁ አዲስ አይደለም። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ከካርቱም በባሮ ላይ የሚመጣው መርከብ ቡናውን ጭኖ ይሄዳል፣ ጨርቁንና ቆርቆሮውን አራግፎ። ጎሬ ላይ ግሪኩም አርመኑም ሱቅ ነበረው። በዚያ ቡና የበለጸገ ባላባት ሳሎን ውስጥ ምን ምን እንደተሰቀለ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። የፈረንጅ የግድግዳ ሰዓት እንደማይጠፋ ግን እወራረዳለሁ።

ባለሎጁ ኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። እኔ ለወጥኳቸው እንዳልል፤ የለወጣቸው ሰርግ ነው። ዘመድ ሊድሩ ቢሾፍቱ ሄደው፣ ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲነሡ ጊዜው ረዘመባቸውና ሰው የለማ ጉያን ሙዚየም አሳያቸው። በአየር ኃይል ያገለገሉት፣ በ2013 ዓ.ም ያረፉት አንጋፋው ሠዓሊ ለማ ጉያ ቢሾፍቱ ላይ ኖረው እዚያው ሙዚየማቸውን ያቆሙ ሰው ናቸው፤ ብዙዎቹን የሰው ፊቶች የሣሉት በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ባለሎጁ ከጉብኝቱ ይዘው የተመለሱት ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነበር፦

"በፍየል ቆዳ ላይ፣ ጋሼ! ፍየል እኮ እኛም አለን።"

ሎጁ ግቢ ውስጥ "የአካባቢ ሠዓሊያን ሥራዎች" የሚል ጥግ እንዲከፈት ተወሰነ። ሠዓሊ ተፈለገ። የተገኘው የመቱ ልጅ ነው፤ በጸጉር ቤቶች በር ላይ የቁርጥ ዓይነት የሚያሳዩትን ጭንቅላቶች፣ በጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ ከአቮካዶ ጋር የምትስቀውን ማንጎ፣ በባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳውን የሚሠራ። ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ጸጉር ቤቱ አሁን የብራዚል ኳስ ተጫዋች ፎቶ አሳትሞ ይሰቅላል።

ልጁ ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ።

"የአካባቢያችንን ሥዕል እንድትሠራልኝ ነው" አሉት ባለሎጁ።

"እሺ ጋሼ። የቱን ልሥራ?"

"ላሊበላን። ፋሲልን። የአክሱምን ሐውልት። ከዚያ አንድ የሜዳ አህያ ጨምርበት።"

ልጁ በመስኮት ወደ ጫካው አየ። ጫካው ውስጥ የሜዳ አህያ የለም። ኖሮም አያውቅም።

እንዲህ ሲባል የሚስቅ አለ፤ እኔ ግን ባለሎጁን አልፈርድባቸውም። "የኢትዮጵያ ሥዕል" ምን እንደሚመስል ያስተማረን ገበያው ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ እነ በላቸው ይመር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍል ከፋፍለው፣ የዓድዋን ጦርነትም ጠመንጃው ከነጭሱ ሣሉ፤ የውጭ ሰው ወደደው፣ ገዛው፣ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በስጦታ ዕቃ ሱቆች ስንቱ እጅ ያንኑ መልሶ መልሶ ቀድቷል። ለእንግዳ የሚሸጥ ሥዕል ሲባል ሳባና ዓድዋ፣ ጊዮርጊስና ዘንዶው፣ ላሊበላና ጎንደር ሆኖ ቀረ። ጥሩ ሥዕሎች ናቸው። ኢሉባቦር ግን የለችበትም፤ ስለዚህ የኢሉባቦር ባለሎጅ "አካባቢያችን" ሲሉ ወሎና በጌምድር ተሻግረው ይሄዳሉ።

ልጁ በጫካው ጸና። ላሊበላን አይቶት እንደማያውቅ፣ የሚያውቀውን ቢሠራ እንደሚሻል ተናገረ። ባለሎጁ ቅር እያላቸው ተስማሙ። ከዚያ ወደ ዋጋ ተገባ፤ ማለትም አልተገባም።

"ብር እንኳ አሁን የለም" አሉት። "ግን አስበው፤ ስንት ትልልቅ ሰው ነው እዚህ የሚያልፈው። ይታይልሃል!"

"ይታይልሃል" የምትባለው ክፍያ ከባንክ የማትወጣ፣ ግብር የማይቆረጥባት ናት። ሠዓሊ፣ አዝማሪና ገጣሚ በዚህች ክፍያ ዕድሜያቸውን ገፍተዋል። ነገሩን ላለዝብ ብዬ የሩቅ ታሪክ አነሣሁ። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴን ፖል ደ ቫንስ በምትባል መንደር ውስጥ ላ ኮሎምብ ዶር የሚባል የገጠር ማረፊያ አለ። ፖል ሩ የሚባል ሰው ያቋቋመው ነው፤ ሥዕል ወዳድ ነበርና እጅ ያጠራቸው ሠዓሊዎች ለምግብና ለአልጋ ሥዕል ሲሰጡት ይቀበል ነበር። ዛሬ እዚያ ምሳ የሚበላ ሰው ግድግዳው ላይ የፒካሶን፣ የማቲስን፣ የብራክን ሥራ እያየ ነው። ሰገነቱ ላይ ፈርናንድ ሌዤ አለ፤ መዋኛው ዳር የካልደር ተንጠልጣይ ቅርጽ በነፋስ ይወዛወዛል።

ባለሎጁ ዓይናቸው በራ።

"ይኸው! በምሳ መክፈል ይቻላል ማለት ነው!"

ልጁ ብሩሹን እያሟሸ ነበር። ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ፒካሶ ምሳውን ሲበላ ቤት ኪራይ ነበረበት?" አለ።

በማግሥቱ ባለሎጁ ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። በትልልቅ ከተሞች ጋለሪዎች ሥዕል ሲሸጡ ግማሹን እንደሚወስዱ ከልጃቸው በስልክ ሰምተዋል፤ ይህ እውነት ነው። እሳቸውም ግማሹን ሊወስዱ ነው። ሥዕሉ ካልተሸጠ ደግሞ ግድግዳው ላይ ይቆያል፤ አዳራሹም ያምራል፤ ማንም አልተጎዳም።

ያን ጊዜ ነው እንቁላል ይዛ የመጣችው ሴትዮ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ገንዘቧን ስትቆጥር ያየናት። እንቁላሏ ገና አልተጠበሰም። እንግዳ ይብላው አይብላው አልታወቀም። "እንቁላልሽ በትልልቅ ሰው ይታይልሻል" ያላት የለም። ማር ያመጡት አዛውንትም ከሚዛኑ ሳይርቁ ነው የተከፈላቸው። ልጁ ሴትዮዋን አየ፣ ባለሎጁን አየ፣ ምንም አልተናገረም። የተናገረው ቢኖር ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የክፍያው ነገር እንደተንጠለጠለ ሥራው ተጀመረ። ሸራ መቱ ላይ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ በዋጋ አይቀመስም። ልጁ የቡና ጆንያ ቀድዶ፣ አጥቦ፣ በባሕር ዛፍ ፍሬም ላይ ወጠረና ሙጫ ቀባው። ሰዎች ሲያዩት "ድህነት ነው" አሉ። እኔ ግን ጥሩ ጎረቤት አለው እላለሁ፤ ለማ ጉያ በቆዳ፣ እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ልጥ፣ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ላይ ሠርተዋል፤ ኤልያስ ስሜ ከተጣለ ኮምፒዩተር በተፈታ ሽቦ ዓለም ዞሯል። ለቡናማው ቀለም ደግሞ ልጁ ያወጣው ብር የለም፤ ከሎጁ ወጥ ቤት የቡና አተላ ለምኖ አፍልቶ አወፈረው።

ሂስ ሊሰጠው የመጣውን ብታዩ! አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሰው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ወይን ይጠጣል፤ ሲወጣ "ድንቅ ነው" ይላል። እዚህ ማንም "ድንቅ ነው" አላለም።

መጀመሪያ እትዬ መጡ፤ የሎጁን ወጥ ቤት የያዙት። ቡና የምታፈላዋን ሴት ሥዕል እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ልጄ፣ ይቺ ሴት ግራኝ ናት?"

"ኧረ አይደለችም፣ እትዬ።"

"ታዲያ የጀበናው እጀታ ምን ሊያደርግ በዚያ ዞረ? በዚያ ላይ ይኼ የከተማ ቡና ነው። የኛ ቡና ቀላ የታለ? ቅቤው የታለ?" ቡና ቀላ፣ ለማያውቅ፣ የቡናው ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላበት የኦሮሞ ወግ ነው፤ በስጦታ ዕቃ ሱቅ ሥዕሎች ላይ አይቼው አላውቅም። ልጁ እጀታውን አዞረ፤ ቅቤውንም ጨመረ።

ቀጥሎ ዘበኛው። ጉሬዛው ጭራው አጥሯል አለ። ዘበኛው ቀን ቀን የሚጠብቀን ከሌባ ሳይሆን ከጉሬዛና ከጦጣ ስለሆነ ቃሉ የባለሙያ ቃል ነው። ጭራው ረዘመ። ሥዕሉ ስላልበቃው ጫፉ ፍሬሙ ላይ ተሣለ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ትልቁ ችሎት ማር ያመጡት አዛውንት ነበሩ። ልጁ ጋጉራ ሥሎ ነበር፤ ረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የአገሩን ቀፎ። በኢሉባቦር ጫካ ቀና ብሎ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ዛፍ ላይ አምስት ስድስቱ ተጋድመው ይታያሉ። አዛውንቱ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ግራ አዘነበሉ።

"ይኼ ቀፎ ባዶ ነው" አሉ።

"እንዴት አባባ?"

"አፉን ወደ ነፋሱ አዙረኸዋል። ማን ይገባበታል? ዛፉስ ምንድነው?"

ልጁ ዝም። ዛፍ ነበር፤ እንዲያው ዛፍ።

"ገተማ አድርገው" አሉት። "የገተማ ማር ነጭ ነው። ከሠራኸው አይቀር ጥሩ ማር ያለበትን ሥራ።"

ከዚህ በኋላ ልጁ አዛውንቱን ተከትሎ ጫካ ገባና ለቀናት ጠፋ። ሲመለስ የሠራው ገተማ በቅጠሉ ይታወቃል፤ የቀፎው አፍም ከነፋሱ ዞሯል። ንቦቹን እንኳ የሠራቸው ወደ ቤት ሲገቡ እንጂ ሲወጡ አይደለም፤ ጥላው በዚያ በኩል ከሆነ ምሽት ነው ብለውታል አዛውንቱ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ቢሆን ይህን ማን ያርምለት ነበር? ትምህርት ቤቱን መናቄ አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት ቤት አገሪቱን በሠዓሊ ሞልቷል። ግን እዚያ መምህራኑ ንብ አያረቡም።

ክረምቱ ደግሞ የራሱን ሂስ ይዞ መጣ። ኢሉባቦር ዝናብ ሲጀምር ማቆም ይረሳል። ግድግዳው ላበው፣ ጆንያው እርጥበት ጠጣ፣ በሶር ፏፏቴ ሥዕል የላይኛው ጥግ ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣ። ልጁ ሊጠርገው ሲል አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ እጁን ያዘው። "እንዳትነካው! ሥዕሉን ከፍ ያደረገው ይህ ጉም ነው" አለው። እንግዳው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየ፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ከኋላው ጫካው ላይ እውነተኛው ጉም ተኝቷል፤ ዞሮ አላየውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የክፍያው ነገር እንደተንጠለጠለ ነው። የፈታው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው ብል ታምኑኛላችሁ?

አንድ ማታ ስለ ሪዞርቶች ወሬ ተነሣ። ባለሎጁ ወንጪንና ጎርጎራን በቴሌቪዥን አይተው ቀንተዋል። እኔም ጎርጎራ ሪዞርት ሳይኖራት ገና ደብረ ሲና ማርያም ግድግዳዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል ተሞልቶ እንደነበር ነገርኳቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ገንዘቡን አውጥቶ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ ተደፍቶ ወይም ተንበርክኮ ይሣላል፣ "እገሌ እንደተማጸነ" ተብሎም ስሙ ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ባለሎጁ ሻያቸውን አስቀመጡ።

"ያሠራው ሰው ይሣላል?"

"ይሣላል።"

"ከነስሙ?"

"ከነስሙ። ግን ማሠሪያውን የከፈለ ነው።"

በነጋታው ልጁ ተጠራ። የሶር ሥዕል ዋጋ ተጠየቀ፤ ተነገረ፤ ጥቂት ተከራክረውበት ቀብድ ተከፈለ፤ እንደ እንቁላሉ፣ በእጅ በእጁ። ስምምነቱ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ነበረው፦ ከፏፏቴው ሥር በስተቀኝ፣ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ ይታያል። መደፋቱ ቀርቷል፤ ባለሎጁ ወገባቸውን ያማቸዋል። ልጁም በበኩሉ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ፊርማው በግልጽ እንዲታይ። "የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ" ይላል የአገራችን ሰው፤ በሬውም ቢሆን ሣር ካልበላ አያርስም።

እኔ ስመለስ ሥዕሉ ገና አልደረቀም ነበር። ባለሎጁ ግን ችግር ገጥሟቸው አየሁ። ዘበኛው እሱም የራሱን ሥዕል ለማሠራት ከልጁ ጋር በግሉ ተዋውሏል፤ ከደመወዙ በየወሩ ሊከፍል ነው። በትሩን ይዞ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጫማው አዲስ ሆኖ። አሁን የሚያደርገው ጫማ አፉን የከፈተ ስለሆነ ይህኛው በምናብ ይሠራል። ባለሎጁን ያሳሰባቸው ጫማው አይደለም፤ በረንዳውም ወንበሩም የሎጁ ነው። ኮሚሽን መጠየቅ ይገባኛል አይገባኝም እያሉ ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። ስልኩ አልያዘም፤ ኔትወርክ የለም።